ውሃዋን ያነሳሁባት ቀን

ልጄ የደወለችልኝ ከፋብሪካው ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነበር። እማዬ የምትለኝ በዕብራይስጥ ነው። «ኢማ፣ ውጤቱ መጣ። ኩላሊቷ ነው» አለችኝ። አገር ቤት የቀረችው እህቴ መሰለችኝና «መቼ ታመመች?» አልኳት። «ድመቷ ናት እኮ!» ስትለኝ ተመስገን አልኩ። ተመስገን ማለቴ ደግሞ ወዲያው አሳፈረኝ።

«የጎዳና ድመቶችን የሚይዙት ሁለቱ በሽታዎች የሉባትም» ብላ ቀጠለች። «የኩላሊቷ ቁጥር ግን ከፍ ብሏል። ደርቃለችም ይላል ሐኪሙ። ውሃ እየጠጣች ለምን እንደደረቀች አልገባውም።»

እኔ ግን ገባኝ። አውቶቡሱ መጥቶ በፊቴ ሲያልፍ እንኳ እጄን አላነሳሁም።

ድመቷ ከሕንፃችን በታች፣ ከቆሻሻ ገንዳዎቹ አጠገብ የኖረች ናት። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል፤ አምክነው የለቀቋት መሆኗ የሚታወቀው በዚያ ነው። ባለፈው ክረምት ዝናብ ደብድቧት ደረጃው ሥር አገኘኋትና ለአንድ ቀን ብዬ አስገባኋት፤ በዚያው ቀረች። ጥርሷ የረገፈ፣ ጎኗ የገባ አሮጊት ናት። ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ከልጄ ቤት አጠገብ ያለው ወጣት የእንስሳት ሐኪም አፏን ከፍቶ አየና «ዐሥር ዓመት ሳያልፋት አይቀርም። ዕድሜዋም ነው፣ ከጎዳናም ነው የመጣችው፤ ደሟ ይመርመር» አለና ቀጠሮ ሰጠን።

ከእኔ በታች የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ እንደ እኔው ከጎንደር የመጡ ትልቅ ሴት፣ ይህን ሲሰሙ ሳቁብኝ። «ለድመት የደም ምርመራ! በእኛ አገር አይጥ ከያዘች ጤነኛ ናት፣ ካልያዘች ታማለች። ምርመራው ይኸው ነበር።»

«እትዬ፣ ይቺ እኮ ጥርስ የላትም» አልኳቸው።

«እንግዲያ አንቺ ያዢላት!»

እንዲህ እያሉ ሲስቁብኝ ሰነበቱ፤ በቀጠሮው ቀን ግን የመያዣዋን ሳጥን በአንድ በኩል ይዘው አብረውኝ ሄዱ። ልጄም ሐኪሙ በር ላይ ጠብቃን አብራን ገባች።

ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ልጄ «ከአሁን ጀምሮ ምግብ እንዳትሰጫት፣ በባዶ ሆዷ ነው የምትታየው» ብላኝ ነበር። «በሴደር» አልኳት፤ እሺ ማለቴ ነው። የምግብ ሳህኗን አነሳሁ። እጄ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ የውሃዋንም አንስቼ ደፋሁት። አስቤበት አልነበረም። እኛ ዘንድ የጾመ ሰው ውሃ አይቀምስም። በአስተስርዮ፣ በኃጢአት ማስተሰረያ ጾማችን፣ ከሕፃን በቀር ማን ይጠጣል? ጎንደር ሳለን ለስግድ በዓል ተራራውን የምንወጣው ምላሳችን ከላንቃችን እየተጣበቀ ነበር። እሷ ብቻዋን ስትጾም እኔ መብላቴ ነውር መሰለኝና አብሬያት ጾምኩ። ጠዋት ሳህኑ በነበረበት ቦታ ቁጭ ብላ ታየኛለች። «ታገሺ፣ እኔም አለሁ» አልኳት። ቀጠሮው ከሰዓት በኋላ ነበር።

ደም ሲቀዳ አላይም፤ ከልጅነቴ የተማርኩት ከደም መራቅን ነው። ሐኪሙ መርፌውን ሲያነሳ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ግድግዳው ላይ የውሻ አጽም ሥዕል ተለጥፏል። የጎኑን አጥንቶች ስቆጥር ሐኪሙ ከኋላዬ በዕብራይስጥ «ውሃ ጠጥታለች?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄውን በደንብ ሰምቻለሁ። ምን እንደመለስኩ ግን አላውቅም። ዘጠነኛው አጥንት ላይ እንደነበርኩ አስታውሳለሁ፤ የመለስኩትን አላስታውስም።

ውጤቱ የመጣ ዕለት ልጄ ወደ ቤቴ ስትመጣ ሁሉን ነገርኳት።

«ኢማ! ውሃ ከልክያት ማን አለሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

«ጾም አይደል?»

«ድመት እኮ ናት! ምን ኃጢአት ኖሯት ነው የምትጾመው?» አለችና መጀመሪያ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ተወችው።

በማግስቱ ሐኪሙ ዘንድ ተመልሰን ሄድን። ወረቀቱን አገላብጦ «እዚህ ላይ ግን ‹ውሃ ጠጥታለች› ብዬ ጽፌያለሁ» አለ። ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጣት፤ ውሃ ከፊቷ እንዳይጠፋ አዘዘኝ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ደሟን እንደገና ቀዳ። ቁጥሩ ወርዷል፤ መድረስ የሚገባው ድረስ ግን አልወረደም።

«የእርጅናው አለ፣ ጥማቱም ነበረበት» አለኝ።

«ስንቱ የእኔ ነው?»

«ይህን ደሟ አይነግረኝም።»

ቀድሞም ኩላሊቷ ደክሞ ከነበረ ያ አንድ ቀን ምን ጨመረባት? ወይስ ምንም አልጨመረባትም? አንዳንድ ቀን አንዱን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሌላውን። አሁን ቤቴ ውስጥ አራት የውሃ ሳህን አለ። እሷ ግን ሁሉንም ትታ ከቧንቧው የሚንጠባጠበውን ትልሳለች፤ እኔም ሥር ሥሯ እየሄድኩ ጉሮሮዋን አያለሁ፣ ዋጠች አልዋጠች እያልኩ።

የመለስኩትን መልስ ልጄን ስጠይቃት «አዎ ብለሻል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» ትለኛለች። እትዬ ደግሞ ይቆጣሉ፦ «ምንም አልተነፈሰችም! አንገቷን ነው የነቀነቀች። ሐኪም ሲናገር መቼ አንገታችንን ሳንነቀንቅ ቀርተን እናውቃለን?»

አስተስርዮ እየደረሰ ነው። ባለማወቅ ውሃ መንሳት አንድ ነገር ነው፤ ውሃ ነስቶ ጠጥታለች ማለት ሌላ ነው። በፈጣሪ ፊት ስቆም የትኛውን እንደምናገር ማወቅ አለብኝ። ልጄ፣ እትዬ፣ ሐኪሙም፣ እዚያች ክፍል ውስጥ የነበራችሁ ሁሉ፦ የእኔ ፊት ወደ ግድግዳው ነበር፤ እናንተ ግን ታዩኝ ነበር። እባካችሁ ሳታዝኑልኝ ተነጋገሩና ቁርጡን ንገሩኝ። አፌ ነበር ወይስ አንገቴ?