በባሌ አየር የተተኮሰ ጥይት

አባቴ ከባሌ ደጋ እኔ ጋ፣ ቶሮንቶ ስካርቦሮ ከመጡ ጀምሮ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "በረዶው ሳይመጣ ልመለስ።" እናቴ ካረፈች ወዲህ አገር ቤት የሚጠብቃቸው ባዶ ቤት ነው። እዚሁ እንዲቆዩልኝ እፈልግ ነበር። እኔ ደግሞ ሰው ማጫወት አልችልበትም፤ ከሥራ ውጭ የምወደው ነገር ቢኖር ዒላማ መተኮስ ነው።

አንድ ቅዳሜ የጥይት አካሄድ የሚያሰላውን የስልኬን ሶፍትዌር ስነካካ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። የጥይቱን ክብደት፣ ፍጥነቱንና ንፋሱን ከነገሩት፣ ሩቅ ሲደርስ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በመስመር እንደሚያሳይ ነገርኳቸው።

"ይኼንንም ስልክ ይጠየቃል?" ብለው ሳቁ። በጉልምስናቸው የገብስ ማሳችንን በጠመንጃ ከከርከሮ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ።

በማግስቱ ከከተማ ውጭ ወዳለው የተኩስ ሜዳ ይዣቸው ሄድኩ። ፈቃዱ የእኔ ስለሆነ ተኳሹ እኔ፣ አዛዡ እሳቸው።

"ስልክህን ኪስህ ክተት። ከዒላማው መሃል አንድ ስንዝር ከፍ አድርግና ቢስሚላህ ብለህ ልቀቅ!"

ለቀቅኩ። ደገምኩ። ሁለቱም ጥይቶች ከመሃሉ ሁለት ጣት ዝቅ ብለው መቱ። አባቴ በሩቅ ማያ መነጽሬ አዩት።

"እንግዲህ አርጅቻለሁ" አሉ መነጽሩን እየመለሱልኝ።

"አባ፣ ቆዩ እስቲ፣ አልቲቱዱን ቼንጅ ላድርገው" አልኩና ስልኬን አውጥቼ የቶሮንቶን ከፍታ አጥፍቼ የመንደራችንን አስገባሁ። መስመሩ ቀና አለ፤ ጥይቱ የሚወርደው ልክ እሳቸው ያሉት አንድ ስንዝር ሆነ። "ይኸው፣ አልተሳሳቱም። እዚያ ደጋው ላይ አየሩ ስስ ነው፣ ጥይቱን ብዙ አይይዘውም። እዚህ ግን እንደ ቆላ ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ይከብዳል።"

ስልኩን ተቀብለው ደጋግመው አዩት። "ልክ ነበርኩ እኮ!" አሉ። እንዲህ ፊታቸው ሲበራ ካየሁ ቆይቼ ነበር፤ ደስታዬን የት ላድርገው!

ስንመለስ ስካርቦሮ ደረስን። ቀይ መብራት ላይ ስንቆም ወደ እኔ ዞር አሉ።

"ሲበርድስ? አየሩ መክበድ ይብስበታል?"

"ይብስበታል፣ አባ። ጥይቱ ሌላ ትንሽ ዝቅ ይላል።"

"ስንት?"

ስልኬን ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

"ተወው፤ በረዶው ሲመጣ ሄደን እናየዋለን።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ጡሩምባ ሲነፉብኝ ነው እግሬን ከፍሬኑ ያነሳሁት።