እህቴ እስክትፈተን የተደበቀው ቁስል

ባለፈው ሐሙስ እህቴን ምህረትን አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል አደረስኳት። አዳራሽ ውስጥ ለነርሶች ስለ ቁስል እንክብካቤ ልታስተምር ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ሳንቡሳ ስበላ ድምጿ ይሰማኛል። "ታካሚው ሊደብቃችሁ ይችላል" ትላለች። "ቤት ውስጥ ግን ሁሌ ያየ ሰው አለ። እሱን ጠይቁት።" ሳንቡሳውን ወረቀቱ ላይ መለስኩት። ያ ያየ ሰው እኮ እኔ ነኝ።

ያኔ፣ ከዓመታት በፊት፣ ከአስረኛ ክፍል ትምህርቴን ጥዬ፣ በሰው ሁሉ ተናድጄ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከእማዬ ጋር ተጎልቻለሁ። ምህረት እዚሁ አዲስ አበባ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር አንድ ክሊኒክ ነርስ ነበረች። ነርስ ስላችሁ መርፌ ትወጋለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ ሰው ሲጎድል ወለልም ትወለውላለች። ከኋላዋ የተቀጠሩት አለቃ ሲሆኑባት እሷ እዛው ናት። በኋላ ክሊኒኩ ስኳር ላለባቸው ሰዎች የእግር ቁስል ክፍል ሊከፍት ሆነ። የቁስል እንክብካቤ ሰርተፍኬት የያዘ ኃላፊ ይሆናል ተባለ። ምህረት ኮርሱን ተመዘገበች። ካለፈች ክፍሉ የሷ ነው፤ ከወደቀች ተመልሳ ወደ መወልወያዋ። ለማጥናት ብላ ክሊኒኩ አጠገብ ጓደኛዋ ጋ ተጠግታ ታድር ነበር፤ ቤት የምትመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ነው።

ክረምት ነበር። የአባዶ ጭቃ ታውቁት የለ? ታክሲ ጋ እስክትደርስ ጫማህን ይቀማሃል። እማዬ ስኳር አለባት። ለሰርግ የገዛችው ጫማ ትንሹን የእግር ጣቷን ልጦት አልተሰማትም። ስኳር እግርን ያደነዝዛል። አንድ ቀን ጠዋት የተጠበሰ በቆሎ ይዤላት ስገባ፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የአንቲባዮቲክ እንክብል ከፍታ ዱቄቱን ጣቷ ላይ ትነሰንሳለች። ሰፈራችን ይሄን የማያደርግ የለም። እኔም ኳስ ስጫወት ጉልበቴ ሲላጥ እንደዛው ነው የማደርገው።

"ምንድነው እሱ እማዬ?"

"ምንም አይደል። ደርቋል፣ አታይም?"

"ለምህረት ልደውልላት?"

"አንተ ልጅ! ፈተና አለባት አይደል? ብትሰማ ጥላው ነው የምትመጣው። ስትጨርስ ራሴ እነግራታለሁ። በጌታ፣ አፍህን ያዝልኝ!"

እኛ ቤት ወጉ ይሄ ነው። ልጅ ፈተና ላይ ከሆነ ክፉ ወሬ አይነገረውም። እኔ ራሴ የአያቴን መሞት የሰማሁት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ ተቀብሮ፣ ድንኳኑ ፈርሶ። ያን ጊዜ ቤቱን በጩኸት አናውጬው ነበር። ታዲያ ተራዬ ሲደርስ እኔም ያንኑ አደረግኩ።

እሁድ ምህረት ስትመጣ እማዬ ካልሲ አደረገች፤ እኔን ወለሉን በበረኪና አሳጠበችኝ። ቁስሉ መሽተት ጀምሮ ነበራ። ምህረት ደግሞ ሽሮዋን እየጠቀለለች የምታወራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስለ እግር!

"ላይ ላዩ ደርቆ ውስጥ ውስጡን የሚበላ ቁስል አለ" አለች። "እንክብል የሚነሰንሱበት ሰዎች ደግሞ ያሳብዱኛል።"

እማዬ እግሯን ወንበሩ ስር ሰበሰበች። አየችኝ። አጎነበስኩ።

"አንተ ምነው ዛሬ ዝም አልክ? ታመምክ እንዴ?"

"ስለ መግል እያወራሽ ማን ይበላል? ሼም የለሽም?"

ሳቀች። እማዬም አብራ ሳቀች። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ፈተናው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ እማዬን ትኩሳት ያዛት። ስልኬን አነሳሁ፣ የምህረትን ስም አወጣሁ፣ እማዬ አየችኝ፣ አስቀመጥኩት። "ሐኪም ቤት እንሂድ" ስላትም እምቢ አለች። በማግስቱ ምህረት ራሷ ደወለች፦ "አቤኒዬ፣ ቀላል ነበር እኮ! አልፋለሁ!" እኔ ያልኳት "ቶሎ ነይ" ብቻ ነው።

እማዬን ሆስፒታል አስገባናት፤ ሁለት የእግር ጣቷን ቆረጡ። ምህረት ኮሪደሩ ላይ ስታለቅስ ቆይታ ገባችና አፈጠጠችብኝ።

"አንተ መቼ ነው ያየኸው?"

አፌን ሳልከፍት እማዬ ከአልጋዋ ቀደመችኝ። "እሱ ምን ያውቃል? የደበቅኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ነው ያየው።"

እኔም ውሸቱ እንዲያልፍ ተውኩት፤ እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

ምህረት አለፈች። ሰርተፍኬቱም እንደተባለው ሠራላት። ክፍሉ ተሰጣት፤ ድሮ ቀና ብለው የማያዩዋት ዶክተሮች ዛሬ "እስቲ ምህረት ትየው" ይላሉ። ሌሎች ክሊኒኮችም አሠልጥኚልን እያሉ ይለምኗታል። እማዬ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ስለሷ አውርታ አትጠግብም።

ሐሙስ ማታ ቤት ስንገባ ምህረት ቦርሳዋን እንኳን በወጉ ሳታስቀምጥ ተንበርክካ የእማዬን እግር ማየት ጀመረች፤ በየጣቱ መሃል፣ ተረከዙን፣ ሁሉንም። ማታ ማታ ሥራዋ ይሄ ነው። እኔ በረንዳ ወጣሁ፤ የኔም ሥራ ማታ ማታ ይሄ ነው። ያኔ ብነግራት ፈተናውን ትታ ትመጣ ነበር፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጥ ነበር፣ እሷ ያዳነችው ያ ሁሉ እግር ምን ይሆን ነበር እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ደህና ምክንያት ነው። የተቆረጠው ጣት የሌላ ሰው እናት ቢሆን ኖሮ እኔም አምነው ነበር።