በብርድ ልብስ የተጠቀለለው ስክሪን

እኔ አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አይሆንልኝም። ገዳሪፍ ከገባን ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ፣ መኪና በቆመ ቁጥር በር እከፍታለሁ። እናቴ ግን ተቃራኒዬ ናት። ከካርቱም ስንሸሽ ጉልበቷ ከድቷት፣ ግማሹን መንገድ ተሸክሜ ነው ያመጣኋት። እዚህ እንደደረስን፣ «ሁለተኛ ከቤቴ አልወጣም፤ ጦርነቱ ከመጣም እዚሁ ያግኘኝ» አለች። እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸው ነው። ነገ ተነሱ ብንባል እሷን ምን አደርጋታለሁ?

እንጀራዬ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሰሊጥ ጆንያ ላይ የሚታተም ምልክት፣ የሠርግ ካርድ፣ የሱቅ ማስታወቂያ በአማርኛና በዐረብኛ እሠራለሁ። አንድ ባልደረባዬ ወደ ግብፅ ሲሻገር ትልቅ ፎር ኬ ስክሪን ትቶልኝ ሄደ። ከአሮጌው ላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው ግን ፊደሉ ሁሉ ደበዘዘ፤ ላፕቶፑ ያንን ጥራት ማውጣት አልቻለም። ቀኑን ሙሉ ስነጫነጭ መዋል ሆነ ሥራዬ።

ገበያ ውስጥ ሻጩ ሁሉ «ፎር ኬ ያወጣል፣ ወላሂ!» ብሎ ይምላል። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ካለው ለእሱ በቃ። አንዳንዱ ቀዳዳ ግን ቻርጅ ከማድረግ ሌላ ጥቅም የለውም፣ ምስል አያወጣም። በሰው መሐላ ከምገዛ ስክሪኔን ይዤ ልሂድ አልኩ። እንዳይሰበር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በገመድ አስሬ፣ እዚህ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ ላይ ጫንኩት። እናቴ ሰግዳ ጋደም ብላ ስለነበር አልቀሰቀስኳትም። ጎረቤታችን፣ የጎንደሩ ባለሱቅ፣ ጥቅሉን አይቶ፣ «ምነው፣ ኸይር ነው?» አለኝ።

«ኸይር ነው፣ አሁን እመለሳለሁ» ብዬ ባለረክሻውን አጣደፍኩት።

ሱዳናዊው ሻጭ ጥቅሉን ሲያይ፣ «ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ሙሽራ ነው እንዴ ይዘህ የመጣኸው?» ብሎ ሳቀ። የመጀመሪያዋ ላፕቶፕ እንደ ደብተር ቀጭን ነበረች፤ ልቤን ወሰደችው። ብንነሳ በብብቴ ሸጉጬያት እሮጣለሁ። ሰካናት፤ ስክሪኑ ጨለማ። ሁለተኛው ምስሉን አወጣ፣ ግን የማውሱ ቀስት እጄን ተከትሎ እየተጎተተ ይመጣል። እንደ እኔ ላለ ቅብጥብጥ ሰው ይህ ስቃይ ነው። ሦስተኛው ወፍራም፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ የሚያህል። ሲሰካ ፊደላቱ ጥርት ብለው ወጡ፤ ቀስቱም ባዘዝኩት ይሄዳል። ቆሜ ተቀመጥኩ፣ ተቀምጬ ቆምኩ። ይህን ተሸክሞ ማን ይሮጣል? ደግሞስ ለመሮጥ ብዬ እስከ መቼ በደበዘዘ ፊደል እሠራለሁ?

«ኻላስ፣ በቃ እሱን» አልኩ።

«መብሩክ፣ ይባረክልህ» አለ ሻጩ። ደስ አለኝ። ካርቱምን ከለቀቅን ወዲህ፣ ለመቀመጥ ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያው ዕቃ ነው።

ስመለስ ጎረቤታችን ከሱቁ ዘሎ ወጣ። «አልሄድክም እንዴ? እኛ እኮ ጥቅሉን አይተን ከተማውን ለቆ ሄደ ብለን፣ ባለቤቴ ለእናትህ ነገረቻቸው!»

ክው አልኩ። ካርቱም ሳለን ጎረቤቶቻችን ሁሉ ዕቃቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ «አሁን እንመለሳለን» እያሉ ነበር የጠፉት። እንዴት ይህን ረሳሁ?

ስክሪኑንም ላፕቶፑንም ረክሻው ላይ ትቼ ሮጥኩ። እናቴ ቶቧን ተከናንባ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ መድኃኒቷን በፌስታል ይዛ በሩ አጠገብ ቆማለች። በአንድ እጇ ግድግዳውን ተደግፋለች።

«እማ፣ የትም አልሄድኩም! ላፕቶፕ ልገዛ ነው የወጣሁት» አልኳት።

የሰማችኝ አልመሰለኝም። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«መራመድ እኮ እችላለሁ፣ ልጄ» አለች። «አልከብድህም።»