ከጨርቅ መደብሩ ጀርባ የነበረው ስቱዲዮ

በኅዳር ወር ሁለተኛው ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ላይ፣ የባንዱ ድምፃዊ ዘፈኑን መሀል ላይ አቋረጠ፤ «በቃኝ» አለና ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ቦታው ደሴ፣ ከአንድ ጨርቅ መደብር ጀርባ ያለ የልምምድ ስቱዲዮ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ ዘጋቢ ነበርኩ። በሳምንት ሁለት ከሰዓት ደግሞ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ሰዓቶቹን የማስታውሰው ከደብተሬ ላይ ነው።

የስቱዲዮው ባለቤት ነጋዴ ነበሩ፤ አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ የቀሩ። ሐጂ እንላቸው ነበር። ከፊት ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከኋላ ያለውን መጋዘን ለባንዶች ያከራያሉ። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍነውታል። መሬቱ ምንጣፍ ስለሆነ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ዛሬም አዲስ ጨርቅ ሲሸተኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ልብስ አይደለም፤ ያ ክፍልና በካልሲ ቆመን የምንጫወተው እኛ ነን።

ሕጋቸው ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሁሉም የሚቃኘው በስቱዲዮው ኪቦርድ ነው። ሁለተኛው፣ አዛን ሲሰማ ሐጂ ራሳቸው የክፍሉን ዋና ማብሪያ ያጠፉታል፤ ሰግደው ሲመለሱ ያበሩታል። አንድም ቀን የተከራከረ ሰው አላየሁም። ሐሙስ ሐሙስ ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት ተኩል የአንድ ወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ይለማመዳሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ እኛ እንገባለን። እነሱ ጫማቸውን ሲያደርጉ እኛ እናወልቃለን። ከበሮ መቺያችን «ለእኛም ጸልዩ» ይላቸዋል፤ «እናንተማ ብዙ ጸሎት ትፈልጋላችሁ» ይሉታል።

ድምፃዊያችን ሃምሳ አልፎታል። ጉሮሮውን ታሞ ሁለት ወር ዝም በል ተብሎ ነበር። ሲመለስ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሰኞና ሐሙስ ይሞክር። ድምፁ ከመጣ የእሑዱን የኮምቦልቻ ሰርግ እሱ ይዘፍናል። ካልመጣ ከበሮ መቺው ይተካዋል፤ ድምፃዊው ከዚያ በኋላ መድረክ ላይ አይወጣም። የመጨረሻውን ቃል የጨመረው ራሱ ነው።

ሰኞ ደህና ነበር። በአራተኛው ዘፈን፣ በባቲ ቅኝት በሚሄደው፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ አንድ ጊዜ ድምፁ ተሰበረ። ሐሙስ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ተቸገረ። በሁለተኛው አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። በሦስተኛው ቆመ።

እሱ ከወጣ በኋላ መሣሪያችንን አስቀመጥን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የከሰዓቱ ሶላት፣ የአስር፣ አዛን ተሰማ፤ ሐጂ መብራቱን አጠፉት። በጨለማው ፍራሽ ተደግፈን ተቀመጥን። መብራቱ ሲመለስ የኪቦርዱ ተጫዋች እጁን ለማፍታታት አንድ ነገር ጀመረ። ጊታሪስቱ ከሥር ገባለት። ሁላችንም ፊታችንን አጨማደድን። ሁለቱ አልገጠሙም።

ኪቦርድ ድምፁን በግማሽ ደረጃ ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ አለው። የእኛው ኪቦርድ መብራት ሲጠፋ ወደ ቦታው ይመለሳል። ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ከፍ ብሎ ነበር ማለት ነው። እኛም ስንገባ ጊታሩንና ቤዙን አጥብቀን በእሱ ቃኝተናል። ድምፃዊያችን ከለመደው በላይ ሲዘፍን የነበረው በዚህ ነው። ክሩ ለምን ይህን ያህል መጥበቅ እንዳስፈለገው ማንም አልጠየቀም። የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ ከዚያ ሙቀት ወደ ደሴ ብርድ በወጣን ቁጥር ክራችን ከቅኝት ይወጣል። ያን ዕለትም «መንገዱ ነው» ብለን አለፍነው።

ከበሮ መቺው ደወለ፤ ስልኩን ሁላችንም እንድንሰማ አደረገው።

«ጋሼ፣ ተመለስ። ኪቦርዱ ነው።»

«ኪቦርዱ ጉሮሮዬ ውስጥ ነው እንዴ ያለው?»

«የምሬን ነው፤ አንድ ከፍ ብሎ ነበር።»

«አንተ ልጅ፣ ባለጋራዬ አንተ ነህ። ቦታዬን ልትወስድ ሲገባህ ታባብለኛለህ። ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፣ ልትሞላ ሁለት ሰው ቀርቷታል።» ዘጋው።

እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ያየ ሰው ያስፈልግ ነበር። ሐጂ የመዘምራኑን ኪቦርድ ተጫዋች ቁጥር ከሱቁ ደብተር ፈልገው ሰጡኝ። ሴት ናት፤ አስተማሪ። ጠየቅኳት።

«አዎ፣ አንድ ከፍ አድርጌዋለሁ» አለች። «ለእህቶች ድምፅ እንዲመች። ሳላወርደው ወጣሁ?»

«ሳታወርጂው።»

«እና ሰውየው ምን ሆነ?»

ነገርኳት። ቁጥሩን ተቀበለችና ራሷ ደወለችለት። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ሲያወልቅ አየነው። ሐጂ እንዲህ አሉት፦ «አብሽር፣ አይዞህ። ከቤቱ ነው ጥፋቱ።»

ጊታሩንና ቤዙን እንደገና ቃኘን። ሦስቱን ዘፈኖች ዘፈናቸው፤ ድምፁ ከበፊቱ ሻካራ ቢሆንም ቦታው ላይ ነበር። በአራተኛው፣ እዚያው ከፍ የሚለው ቦታ ላይ፣ ተሰበረ።

ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ትጽፋለህ አይደል። ስንት ጊዜ ተሰበረ?»

«አንድ።»

«ሰኞስ?»

«አንድ። እዚያው ቦታ።»

«ሰኞ መዘምራኑ ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

ከበሮ መቺው ዱላውን ጣለና «አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ብትዋሽ ምን አለበት?» አለኝ። ድምፃዊው ሳቀ። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ጠርሙሱ እስኪያልቅ ጠጣ።

«አራተኛውን አንተ ያዘው» አለው ለከበሮ መቺው። «ሦስቱን አልሰጥህም።»

ያ ክፍል ዛሬ የስልክ መለዋወጫ መሸጫ ነው። ባለፈው ዓመት ቻርጀር ልገዛ ገብቼ ነበር፤ ፍራሾቹ የተመቱበት የምስማር ቀዳዳ ቀለም ተቀብቶም ይታያል። ልጁን «ጫማ ላውልቅ?» ልለው ዳድቶኝ ተውኩት።

እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ፣ ከሰርጉ ድንኳን ውስጥ ሦስቱን ዘፈኖች ድምፃዊው ዘፈነ። አራተኛውን ከበሮ መቺው ዘፈነ፤ ድምፃዊው ከኋላ ቆሞ እያጨበጨበ ተቀበለው።