ለቅሶ ላይ የተባለ ቃል

ከቢቸና ወደ ሞጣ የያዘኝ ሚኒባስ ጉም ውስጥ ሲገባ እንቅልፍና ንቃት ተደባለቁብኝ። ክረምት ነበር። የኢንሹራንስ መርማሪ ነኝ። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሞቶ ሚስቱ ገድላዋለች ተብላ ተፈርዶባታል፤ ይግባኙ ገና አልታየም። ገዳይ ደግሞ የሟችን የሕይወት ኢንሹራንስ አያገኝም። ከእኔ የሚጠበቀው ፍርዱን አረጋግጦ መመለስ ብቻ ነበር። እኔ ግን ነገር መቆስቆስ እወዳለሁ፤ አለቃዬ በዚህ ጠባዬ ተማሯል።

ሰውየው የተገኘው ከጓሮው ገደል ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ነው። ሲሞት ያየ የለም። ሴትዮዋ ላይ ያስፈረደው የጎረቤቷ የቅኔ መምህር ምስክርነት ነው፤ ለቅሶው ላይ «እኔ ነኝ የገደልሁህ» ስትል ሰምቻለሁ አሉ። እሷም ብያለሁ ብላ አመነች። መንገዱን ሙሉ እያንጎላጀሁ፣ ያ ቃል ከሞተሩ ድምፅ ውስጥ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ አሁን የሚያስተምሩት ሞጣ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፤ ድምፃቸው ያስተኛል። ሴትዮዋ ያን ቃል እንዴት እንዳለችው ስጠይቃቸው፣ ደረቷን እየደቃች ነው አሉኝ። ደክሞት የተኛውን ባሏን፣ ጥጃዋ ገደል አፋፍ ደረሰች ብላ የቀሰቀሰችው እሷ ናትና፤ ሊመልሳት እንደ ወጣ ቀረ።

«ታዲያ ይህን ለዳኛው ለምን አልነገሩም፣ የኔታ?»

«መስቀል ጨብጬ ምዬ፣ ያልተጠየቅሁትን ልጨምር? ብላለች ወይ አሉኝ፤ ብላለች አልሁ። ሰሙን ሰጠኋቸው፤ ወርቁን ማን ጠየቀኝ?»

ደሜ ፈላ። ዕድሜ ልካቸውን ሰምና ወርቅ ሲለዩ የኖሩ ሰው እንዴት እንዲህ ይላሉ? ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይግባኙ ላይ ቀርበው ሁሉንም እንደሚናገሩ ቃል ገቡልኝ።

በማግስቱ ቢቸና ተመልሼ እስር ቤት ሄድሁ። ሴትዮዋ ከሽቦው ማዶ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አዳመጠችኝ። በደስታ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። ከኋላዋ ጉሙ ግቢውን ሞልቶታል፤ ለአፍታ እሷም የምትጠፋብኝ መሰለኝ።

«የኔታ ይምጡ፤ የሚያውቁትን ይናገሩ» አለች። «እኔን ከጠየቁኝ ግን ያው ነው የምላቸው። ተኝቶ ነበር እኮ። እኔ ነኝ የገደልሁት።»

ዳኛው ፊት እንዳትደግመው ለመንኋት። እምቢ አለችኝ።