እንድሪስ ጀልባ ላይ የተኛ ዕለት

ባለፈው እሑድ ቤተሰቤን ይዤ ከደሴ ወደ ሐይቅ ወጣ ብዬ ነበር። ትንሿ ልጄ ጀልባ ካልተሳፈርኩ አለች። ባለጀልባው ዋጋውን ነገረን፤ ተስማማን። ከተቀመጥን በኋላ ግን የመንሳፈፊያው ጃኬት ለብቻው ይከፈላል አለ። ባለቤቴ ተቆጣች። «ምነው ከመሳፈራችን በፊት ብትናገር?» አለችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ውሃ ውሃውን ያያል። እኔ ግን አውጥቼ ከፈልኩ። ልጄ «አባዬ፣ ለምን አልተከራከርክም?» ብትለኝ ጎንበስ ብዬ ጃኬቷን አሰርኩላት።

ከዚያ ወዲህ የማስበው አሰብን ነው። አሰብንና ወንድሜን እንድሪስን። በሕይወት የዋለባትን የመጨረሻዋን ቀን።

መጻፍ የለመድኩ ሰው አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በቀጥታ ሥራ ነው የገባሁት። ስለዚህ እንደ መጣልኝ ልጻፈው።

ጊዜው ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ጦርነት በፊት ነው። አሰብ የኤርትራ ሆናለች፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች ግን እንደ ድሮው ይመላለሳሉ፣ መገበያያውም ያው ብር ነው። ክረምት ነበር። የእንድሪስ ደንበኛ የሆነ ሹፌር ከደሴ ጭጋግ ውስጥ አሳፈረኝ። ኮምቦልቻ ላይ ኮቴን አወለቅኩ፣ ባቲ ላይ ሹራቤን፣ ሚሌ ላይ ሸሚዜን። ከዚያ በኋላ የሚወልቅ አልነበረኝም፤ ሙቀቱ ግን ገና መጀመሩ ነበር። አሰብ ስንገባ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የሚወጣ ይመስል ነበር።

እንድሪስ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጠኛል። ጋሼ ነው የምለው። ልጅ ሳለሁ ነው ወደ አሰብ የወረደው፤ መኪኖቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሳሙና፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ ባትሪ፣ ሽርጥ፣ ገመድ። ሹፌሮች ሰዓት አያውቁም። በፈለጉት ጊዜ መጥተው በሩን በመዳፋቸው ይደበድባሉ፤ «እንድሪስ! ኧረ ተነስ፣ ሳሙና!» እሱም ይነሳል። እኔ ከመተኛቴ በፊት ሲተኛ፣ ከነቃሁ በኋላ ሲነሳ አይቼው አላውቅም። የስኳር ጆንያ ሲያነሳ መሀል ላይ ቆም ይልና መዳፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። «ሙቀቱ ነው» ይለኛል። እኔም ሙቀቱ ነው ብዬ አመንኩ። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ከሱቁ ደጃፍ ሲቆሙ፣ ከመጋዘኖቹ መሀል፣ ባሕሩ እንደ ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ይታያል። እንድሪስ ይህን ያህል ዓመት ሲያየው ኖሮ አንድም ቀን ላዩ ላይ ወጥቶ አያውቅም። «ባሕሩና እኔ ተከባብረን ነው የምንኖረው» ይል ነበር።

እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ነበረኝ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሬን፣ ጫማዬን፣ ልብሴን የሚልክልኝ እሱ ነው። በዚያ ዓመት ግን እህል መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሰፋ ከርሜ የራሴን ብር ይዤ ነበር። ማክሰኞ ወደ ደሴ ልመለስ ነው። ከመሄዴ በፊት ለአንዲት ቀን እንኳ፣ እጁ ኪሱ ሳይገባ፣ አንድ ደስ የሚል ነገር ላደርግለት ፈለግኩ። ሌላ ምንም አልነበረኝም። ከፊቴ የነበረው ትልቁ ነገር ይኸው ነበር።

እሑድ ጠዋት ሱቁን እንዲዘጋ ለመንኩት። ሲያንገራግር ቆየና ዘጋው።

ባሕር ዳር አንድ ደላላ ነበር፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ምላሱ ማር የሆነ። አጠገቡ ያለው ሰሌዳ ላይ ነጭ መርከብ፣ ዘንባባና የምትስቅ ዓሣ ተስለዋል። ገና ሲያየን ሮጦ መጣ።

«ወንድሞቼ! ኑ ግቡ! ባሕሩ ዛሬ እንደ ሻይ ረግቷል!»

«የት ነው የምትወስዱን?» አልኩት።

«ደሴት ነዋ! ዓሣው ራሱ ብቅ ብሎ ሰላም ይላችኋል። ሻይ አለ፣ ጥላ አለ። ነገ ብትመጡ ቦታ የለም።»

እንድሪስ ሳቀ። «አንተ ሰውዬ ሱቅ ብትከፍት እኔ ዘግቼ አገሬ እገባለሁ።»

«ለነጋዴማ ቅናሽ አለኝ፣ አብሽር!» አለ ደላላው፤ ክንዴንም ያዘና አልለቅ አለኝ። ከፈልኩ። እንድሪስ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ «ዛሬ አይሆንም፣ ጋሼ» አልኩት። አየኝ። ጭንቅላቴን በመዳፉ ገፋ አደረገኝ።

ነጩ መርከብ ግን አልነበረም። ዓሣና ናፍጣ የሚሸት የእንጨት ጀልባ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ቆሟል። እዚያ ድረስ በሰው ጀርባ ለመሄድ ለብቻው ይከፈላል ተባለ። እንድሪስ ሱሪውን ጠቀለለ። «ስኳር ስሸከም የኖርኩ ሰው ራሴን መሸከም ያቅተኛል?» ብሎ ውሃው ውስጥ ገባ። እስከ ወገቡ ራሰ። ጀልባው ላይ ስንወጣ የሻይ ፔርሙዙ ለብቻው ነው፤ የምንቀመጥበት ምንጣፍም ለብቻው ነው። እየከፈልኩ ፊቴ ይቃጠል ነበር። ግብዣዬ በየደቂቃው ከእጄ ላይ ሲበላሽ ይታየኛል።

ባለጀልባው ሁመድ የሚባል፣ በይሉል ከምትባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣ ሰው ነበር፤ አፋር፣ ቀጭን፣ ቁጥብ። ሞተሩን አስነስቶ ወጣን። ከተማዋ ወደ ኋላ ሸሸች። የወደቡ ዕቃ ማንሻዎች እንደ ቆሙ ወፎች ሆኑ። ባሕሩና ሰማዩ በነጭ ጉም ተያይዘው የትኛው የት እንደሚያልቅ አይታወቅም ነበር። ደሴቱ ሩቅ ላይ፣ ልክ አንድ ሰው በእርሳስ ጀምሮ የተወው መስመር ይመስል ነበር።

በዚህ መሀል ሞተሩ ጠፋ።

«ኸላስ፣ አለቀ» አለ ሁመድ። «የከፈላችሁት እስከዚህ ነው።»

«ደሴቱ እኮ ያውና!»

«ማየት ተከፍሏል። መድረስ ሌላ ነው።»

ነገሩን ለእንድሪስ ልተውለት ብዬ ዞርኩ፤ ክርክር የሱ ሥራ ነው። እንድሪስ ግን ተኝቷል። የገመድ ጥቅል ተደግፎ፣ እርጥብ እግሮቹን ዘርግቶ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ተኝቷል። ፊቱን እንደዚያ ሳይንቀሳቀስ አይቼው አላውቅም ነበር። ጢሙ ውስጥ ሽበት አለ። በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ሽበት።

ሁመድም አየው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድምህ ነው?»

«አዎ።»

«አውቀዋለሁ። በየትኛውም ሰዓት ብታንኳኳ ይከፍታል።» ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ። «ደሴት ለመድረስ አሥር አሥር ብር።»

«ሞተሩ ሲነሳ ይነቃል» አልኩት፤ እኔም በሹክሹክታ።

«ይነቃል።»

«እዚሁ ብንቆምስ?»

ሁመድ አገጩን አሸ። መቆምን ሸጦ አያውቅም መሰለኝ፤ ዋጋ ሲፈልግለት ቆየ። «መቆምም ሃያ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ሌባ» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

«ሃያ» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ።

ከፈልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ በደስታ የከፈልኩት ገንዘብ የለም።

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ሰዓት አልነበረኝም። ጀልባው ይወዛወዛል፣ ውሃው እንጨቱን ይልሳል። ማዕበል የሚባለው ነገር የት እንደሄደ እንጃ። ነጫጭ ወፎች መጥተው ያዩንና ይሄዳሉ። መልሕቅ የጣለ አንድ መርከብ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላል፣ ደግሞ የለም። ሁመድ መጠምጠሚያውን ከራሱ ላይ ፈትቶ ውሃ ነከረውና በመቅዘፊያው ላይ ሰቅሎ ለእንድሪስ ፊት ጥላ ሠራለት። ዋጋውን እስኪነግረኝ ጠበቅኩ። አልነገረኝም። እንድሪስ በረጅሙ ይተነፍሳል፤ እኔ እቆጥራለሁ። ልክ እንደ ሕፃን አባት ነበርኩ። እንዲህ ማለቴ ያስቃል፤ ግን ነበርኩ።

ሲነቃ ሞተሩ ተነስቶ ወደ አሰብ እየተመለስን ነበር።

«ደረስን?» አለኝ ዓይኑን እያሸ።

ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። «ደርሰን ተመለስን» አልኩት። «ወፍ ብቻ ነው ያለው። ነጭ አሸዋና ወፍ።»

«ብታነቃኝ ምን ነበረበት?»

«እንዲህ ተኝተህ?»

ወደ ውሃው ዞረ። «እውነትህን ነው» አለ። «እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ከየመኖቹ ምግብ ቤት በሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ ከስስ ቂጣ ጋር በላን። የሱ ብር ነው፤ የኔ አልቋል። ጎረቤቶቹን ባገኘ ቁጥር «ዛሬ ደሴት ሄጄ መጣሁ» ይላል። «ወፉ! ኧረ ወፉ ብዛቱ! መርገጫ የለም እኮ!» እያለ እኔ ካልኩት ላይ ይጨምራል። ስለ እንቅልፉ ግን ለማንም አልተነፈሰም። እኔን እያየ ጠቀስ ያደርገኛል። ያወቀብኝ ይሁን ያላወቀብኝ እስካሁን አልገባኝም።

በዚያች ሌሊት ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። ከንጋት በፊት ነው ያለፈው፣ ብትቀሰቅሰውም አይነሳም ነበር አለኝ። አንዲት የጎረቤት ሴትዮ ግን በለቅሶው መሀል፣ ክፋት ሳይኖራት፣ ከንጋቱ የሱብሒ አዛን በኋላ በግንቡ ማዶ ሲያስል የሰማሁት መሰለኝ አለች። መሰለኝ ነው ያለችው። በዚህ ሁሉ ዓመት አንዳንድ ቀን ሐኪሙን አምናለሁ፣ አንዳንድ ቀን ሴትዮዋን። ሐይቅ ዳር ከባለጀልባው ጋር ያልተከራከርኩትም ይኸው ስለመጣብኝ ነው። እናቴ እስክትሞት ድረስ «የመጨረሻው ቀን እንዴት ነበር?» ትለኝ ነበር። ጀልባውን ነገርኳት። የማግስቱን ጠዋት ግን አልነገርኳትም። አሁን ልጻፈው።

ሰኞ ጠዋት የነቃሁት የሱቁ በር ሲደበደብ ነው። ፀሐይ ወጥታለች። የምንተኛው ግቢው ውስጥ ነበር፣ አልጋችን ጎን ለጎን። እንድሪስ ፊቱን ወደ ግንቡ አዙሮ፣ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቷል። ለሱብሒም አልቀሰቀሰኝም። ትናንት ያገኘው እንቅልፍ ገና አልለቀቀውም አልኩ። ይተኛ አልኩ። ቁልፉን ከትራሱ ሥር በሁለት ጣቴ ሳብኩ፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በጣቶቼ ጫፍ ሄድኩ። ሱቁንም ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ከፈትኩት።

ወፍራም ሹፌር ባንኮው ላይ ተደግፎ ሳሙና አለኝ። «እንድሪስስ?»

«ተኝቷል።»

«እንድሪስ? እንድሪስ ደግሞ ይተኛል እንዴ!» ብሎ በሆዱ ሳቀ።

«ዛሬ ይተኛል» አልኩት። ኩራት ተሰማኝ። ሳሙናውን ሰጠሁት፤ ዋጋውን ከራሱ ጠይቄ ተቀበልኩ። ከኋላው ሌሎች መጡ፤ ስኳር፣ ባትሪ፣ ገመድ ይላሉ፣ ይጯጯኻሉ፣ ይቀላለዳሉ። ቀስ በሉ አልኳቸው። አልሰሙኝም። ስለዚህ ወደ ግቢው የሚያስወጣውን በር ገፋ አድርጌ፣ እንዳይንቋቋ በትከሻዬ ደግፌ ዘጋሁት።