ያልተቆጠረችው አክስት

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ላይ ነው። «አልፏል፣ ተይው» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለእነሱ አልፎ ይሆናል፤ እኔን ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ታላቅ እህቴ ያገባችው ስማዳ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ልጇ ሴት ናት። ፀጉሯም፣ ሽፋሽፍቷም፣ ቆዳዋም ነጭ ሆና ተወለደች። ያዋለደቻት ነርስ «አልቢኖ ናት፤ ከፀሐይ ጠብቋት፣ ዓይኗንም አሳዩላት» ብላ አስረድታ ነበር። የእህቴ አማት ግን «ይቺ የልጄ ደም አይደለችም» አሉና እህቴን ገና በአራስነቷ ወደ እናታችን ቤት ሰደዷት። ባሏ? መሬት መሬት እያየ ሸኛት።

የልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲቃረብ ሽማግሌ ተቀመጠ። በማን ልጅነት ክርስትና ትነሣ? ጉዳዩ ይህ ነበር። እንደ ወጋችን የሁለቱም ወገን አጥንት ተቆጠረ፤ እገሌ እገሌን ወለደ እየተባለ እስከ ሰባት ቤት። ከእኛም ከእነሱም እንዲህ ያለ ሰው ታጣ።

«ሰማችሁ!» አሉ አማቷ። «ከእኛ አጥንት የለም። ከየት እንዳመጣቻት እሷው ትናገር።»

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔን አላስቻለኝም።

«ይህ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው» አልኩ። «ሁለቱም ሳይታይባቸው ይዘውት ይኖራሉ። ልጅ ከሁለቱም ስትወስድ ያኔ ይወጣል። በእኛም ዘር አለ፣ በእናንተም አለ።»

«አሥረኛ ክፍል ደርሳ አጥንት ልታስቆጥረን!» አለ አንዱ። ሳቁብኝ።

«የቆጠራችሁት የወለደውን ብቻ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ሳይወልድ የሞተውስ?»

ያኔ የአማቷ አጎት፣ በጣም ያረጁ ሰው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እውነቷን ነው። ታናሽ እህቴ እንደዚሁ ነጭ ነበረች። ፀሐይ ላይ ዓይኗን መግለጥ አትችልም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እናስገባታለን። ስላልወለደች ዛሬም አልቆጠርናት።» ከዚያ ወደ አማቷ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ፣ በልጅነትሽ እህል ውኃ የምታቀብያት አንቺ አልነበርሽም?»

«አሁን ይህን ማን ጠየቀዎት!» አሉ አማቷ።

አላውቅም እንኳ አላሉም።

ልጅቷ በአባቷ ስም ተጠራች፣ ክርስትናዋም በቀኑ ሆነ። እህቴ ወደ ባሏ ተመለሰች። ለእኔ ይህ መታረቅ አይደለም። ያን ሁሉ ቀን «የእሱ ናት» ብላ ስትምል የሰማት የለም፤ አንድ ሽማግሌ አንዴ ቢናገሩ ሁሉም አመነ። ይቅርታ የጠየቃት ሰው የለም፤ ባሏም ጭምር።

እህቴ ይቅር ብያለሁ ትላለች። እኔ አላልኩም። ስሄድ ልጅቷን አቅፌ እውላለሁ፤ አማቷን ሳልስማቸው እወጣለሁ። ባለጌ ይሉኛል። ይበሉኝ። እኔ የገዛ አክስቴን ደብቄ የሰው ልጅ አላባረርኩም።